የሒሳብ እንጨቶች፦ ሸቀጡ ቀላል፣ ልኩ ከባድ

መስከረም ሲቃረብ የመርካቶ ሱቆች በደብተር፣ በቦርሳና በዩኒፎርም ጨርቅ ይሞላሉ። ወላጅ ከትምህርት ቤት የተሰጠውን ዝርዝር ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ነጋዴውም ለዚሁ ወቅት ያከማቸውን ሸቀጥ ያራግፋል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ገና የራሱን ተራ ያላገኘ አንድ ዕቃ አለ። ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ መኪናና ከአሻንጉሊት ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። ሻጩ "የልጆች መጫወቻ ነው" ብሎ ያልፈዋል፤ ገዢውም ቀለሙን አይቶ እንጂ ሥራውን አውቆ አይገዛውም። ይህ ዕቃ ልጆች ሒሳብን በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበት ባለቀለም እንጨት ነው።

የዛሬው የገበያ አምዳችን በዚህ ዕቃ ላይ ያተኩራል። ለመሆኑ ዕቃው ምንድን ነው? ለልጅስ በእርግጥ ይጠቅማል? ሠርቶ ወይም አስመጥቶ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰውስ ምን ትርፍ፣ ምንስ ስጋት አለው? መልሱን አስቀድመን ባጭሩ ብንናገር፣ እንጨቱ ራሱ ርካሽ ነው፤ ዋጋ ያላቸው ልኩና አጠቃቀሙ ናቸው። ይህን ያልተረዳ ነጋዴ የሚሸጠው ቀለም የተቀባ ቁርጥራጭ ብቻ ይሆናል፤ ያልተረዳ ወላጅም የሚገዛው ከሳምንት በኋላ አልጋ ሥር የሚቀር ሳጥን ነው።

ፈላጊው ማን ነው?

የከተማ ወላጅ ለልጁ ትምህርት የሚያወጣው ገንዘብ በትምህርት ቤት ክፍያ እንደማያበቃ የታወቀ ነው። አስጠኚ መቅጠር፣ የክረምት ትምህርት ማስመዝገብ፣ አጋዥ መጽሐፍ መግዛት ይከተላል። ከዚህ ሁሉ ወጪ በስተጀርባ ያለው ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አኃዙ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበር። ውጤቱ የሁሉም ትምህርቶች እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ወላጅ ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ለመያዝ እንዲያስብ አድርጎታል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አስጠኚ የሚቀጠረው 8ኛ ክፍል ሲደረስ ከሆነ ልጁ ሒሳብን መፍራት ከጀመረ ብዙ ዓመት አልፎታል።

ቤት ውስጥ ማስተማር ምን ያህል ከባድ እንደሆነም አገሩ ሁሉ አይቶታል። በኮቪድ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከክፍል ውጪ ሆኑ። ብዙ ወላጅ በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ "13 ሲቀነስ 8" የሚለውን ለማስረዳት ሞከረ። መልሱን ማወቅና ለ7 ዓመት ልጅ ማስረዳት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውንም ተረዳ። የሒሳብ እንጨቶቹ የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

በዓለም ገበያ ላይ ብዙ ዓይነት የሒሳብ እንጨትና የፕላስቲክ ኩብ አለ። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ "ኩዊዝኔር" በሚለው ስም የሚጠራው ነው። አሠራሩ ለማንም አናጺ ግልጽ ነው። ውፍረታቸው በሁለቱም ጎን 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ርዝመታቸው ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ 10 ዓይነት እንጨቶች ናቸው። እያንዳንዱ ርዝመት የራሱ ቀለም አለው። ባለ 1 ነጭ፣ ባለ 2 ቀይ፣ ባለ 3 ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ባለ 4 ወይን ጠጅ፣ ባለ 5 ቢጫ፣ ባለ 6 ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ባለ 7 ጥቁር፣ ባለ 8 ቡናማ፣ ባለ 9 ሰማያዊ፣ ባለ 10 ብርቱካናማ ነው። በእንጨቱ ላይ ቁጥር አይጻፍበትም፤ መስመርም አይሰመርበትም። ይህ የተረሳ ነገር ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ዕቃውን የፈለሰፉት ጆርጅ ኩዊዝኔር የተባሉ የቤልጂየም መምህር ሲሆኑ፣ ቱዊን በምትባል ትንሽ ከተማ ያስተምሩ ነበር። ሙዚቃም ያውቁ ነበርና፣ ልጆች ዜማን ሲይዙ ደስ የሚላቸውን ያህል ቁጥር ለምን ያስጨንቃቸዋል የሚለው ጥያቄ እንጨት ቆርጠው ቀለም እስከ መቀባት አደረሳቸው። ዘዴውን የሚያስረዳው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1952 ታተመ። በማግስቱ ዓመት ካሌብ ጋቴኞ የተባሉ፣ በግብፅ እስክንድርያ የተወለዱ የሒሳብ ምሁር ቱዊን ድረስ ሄደው የልጆቹን ሥራ ተመለከቱ። እንጨቶቹን ከአንዲት ትንሽ ከተማ አውጥተው በእንግሊዝ፣ በካናዳና በሌሎችም አገሮች ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው።

ለእኛ አንባቢ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። እኚሁ ጋቴኞ እ.ኤ.አ. በ1957 የተባበሩት መንግሥታት የቴክኒክ ዕርዳታ ባለሙያ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። የመጡት ለሒሳብ ሳይሆን ለማንበብና መጻፍ ትምህርት ሲሆን፣ የአማርኛን ፊደል በቀላሉ ለማስተማር መንገድ ሲፈልጉ ድምፅን በቀለም የመለየት ሐሳብ መጣላቸው። በኋላ በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች የታወቀው በቀለም የማንበብ ዘዴያቸው መነሻው ይኸው የአማርኛ ሥራ ነው። የሒሳብ እንጨቶቹን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው አገራችን መጥቶ ከፊደላችን ተምሮ ሲሄድ፣ እንጨቶቹ ግን ከ60 ዓመት በላይ አልፎም በገበያችን ገና እንግዳ ናቸው።

ከቆርኪ በምን ይለያል?

"እኛስ በቆርኪና በጠጠር ተምረን የለ?" የሚል ነጋዴ አይጠፋም። እውነት ነው። የለስላሳ ቆርኪ፣ ባቄላና የእንጨት ስንጥር ለቆጠራ ያገለገሉ የደህና ዘመን መማሪያዎች ናቸው። ገበጣም ቢሆን አያቶቻችን ቆጥሮ ማከፋፈልን የተለማመዱበት ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ቆርኪ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ልጁ 7 ቆርኪና 5 ቆርኪ ሲደምር ሁሉንም ከ1 ጀምሮ እየቆጠረ 12 ላይ ይደርሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ልጁ የሠራው መደመር ሳይሆን መቁጠር ነው። በዚሁ የለመደ ልጅ 4ኛ ክፍል ደርሶም ጣቱን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ሲቆጥር ይገኛል።

የሒሳብ እንጨት ግን 7ን እንደ 7 ጠጠር ሳይሆን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ያሳያል። ልጁ ጥቁሩን (7) እና ቢጫውን (5) ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም፣ ከብርቱካናማው (10) ጎን ሲያስቀምጠው በቀይ (2) ያህል እንደሚበልጥ በዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ 7 ከ5 ጋር ማለት 10 እና 2 ነው። ልጁ አልቆጠረም፤ አመዛዘነ እንጂ።

ይህ አሠራር ለዚህ አምድ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የአንዱ ዋጋ 1,980 ብር የሆነ ዕቃ 6 የሚገዛ ነጋዴ ወረቀት አይፈልግም። "6 በ2,000 አሥራ ሁለት ሺህ፣ 6 በ20 መቶ ሃያ ይቀነስ፣ አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ" ብሎ በልቡ ይጨርሳል። ኮሚሽኑን በቃሉ የሚያሰላ ደላላም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቁጥሩን ወደሚመቸው ይሰብራል፣ ያሟላል፣ ትርፉን ይመልሳል። ነጋዴ ይህን ችሎታ ያገኘው በብዙ ዓመት የገበያ ልምድ ነው። የሒሳብ እንጨት ዓላማም ያንኑ ችሎታ በ6 እና በ7 ዓመት ዕድሜ መዝራት ነው።

ሌላው የታወቀ ዓይነት በሃንጋሪ የተወለዱት የሒሳብ ሊቅ ዞልታን ዲንስ ካስፋፉት ሥራ ጋር ስሙ የሚነሳው የአሥር ቤት ኩብ ነው። ትንሿ ኩብ 1፣ አሥሩ የተያያዙበት ዘንግ 10፣ አሥር ዘንግ ጎን ለጎን የተገጠመበት ጠፍጣፋ 100፣ አሥር ጠፍጣፋ የተደራረበበት ትልቅ ኩብ 1,000 ነው። ይህ ደግሞ ከገንዘብ ዝርዝር ጋር አንድ ነው። 42 ሲቀነስ 17 የሚለውን ልጆች የሚቸገሩበት "መበደር" የሚባለው ነገር ስላልገባቸው ነው። ነገሩ ግን ብድር ሳይሆን ዝርዝር ነው። 4 ባለ 10 ብርና 2 ባለ 1 ብር የያዘ ሰው 17 ብር ሊከፍል ከፈለገ አንዱን 10 ብር ይዘረዝራል፤ 3 ባለ 10 እና 12 ባለ 1 ይኖረዋል። ከዚያ አንድ ባለ 10 እና 7 ባለ 1 ሲሰጥ 25 ብር ይቀረዋል። ልጁ አንዱን ዘንግ በ10 ትንንሽ ኩብ ለውጦ ይህንኑ ሲሠራ "መበደር" የሚለው ቃል ምሥጢርነቱ ይቀራል።

ወላጅ ቤት ውስጥ ምን ያድርግ?

ዕቃውን የሚሸጥ ነጋዴ አጠቃቀሙን ማወቅ ግዴታው ነው። መድኃኒት ያለ አወሳሰድ እንደማይሸጥ ሁሉ ይህም ያለ መመሪያ አይሸጥም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ እንደፈለገ ይጫወትበት። ቤት ይሥራ፣ ደረጃ ይሥራ። ወላጅ ቁጥር አያንሳ። ልጁ ራሱ የትኛው ከየትኛው እንደሚረዝም በእጁ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ከነጭ እስከ ብርቱካናማ በቅደም ተከተል ደረጃ ያሰልፍ። እያንዳንዱ ደረጃ ከፊተኛው በአንድ ነጭ እንደሚበልጥ ሲያስተውል የቁጥርን ሥርዓት አየ ማለት ነው።

ሦስተኛው የባቡር ጨዋታ ነው። "ከጥቁሩ ጋር እኩል የሚሆን ባለ ሁለት ፉርጎ ባቡር ሥራ" ሲባል 6 እና 1፣ 5 እና 2፣ 4 እና 3 ያገኛል። ይህንኑ በብርቱካናማው ሲደግም የ10ን ጥንዶች ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወላጅ አንዱን ፉርጎ በእጁ ሸፍኖ "የተደበቀው የትኛው ነው?" ብሎ ይጠይቅ፤ መቀነስ ማለት ይኸው ነው።

አራተኛው ማባዛት ነው። 3 ቢጫ ጎን ለጎን ሲደረደር አራት ማዕዘን ይሆናል። በላዩ ላይ 5 ፈዛዛ አረንጓዴ በሌላ አቅጣጫ ሲደረደር በትክክል ይሸፍነዋል። ስለዚህ 3 ጊዜ 5 እና 5 ጊዜ 3 አንድ መሆናቸውን ልጁ በቃል ሳይሸመድድ ያየዋል።

አምስተኛው ክፍልፋይ ነው። ጠቆር ያለው አረንጓዴ (6) ከ2 ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ከ3 ቀይ ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ፈዛዛ አረንጓዴው እኩሌታው፣ ቀዩ ሲሶው ነው። ገበሬያችን በእኩልና በሲሶ ሲያርስ የኖረበትን ክፍልፋይ የከተማ ልጅ ከመጽሐፍ ላይ ሲፈራው ማየት ያሳዝናል።

በመጨረሻም ልጁ የሠራውን በወረቀት ላይ ይሣለው፤ ከሥዕሉ ሥር በቁጥር ይጻፈው። ብዙ ወላጆች የሚዘሉት ይህንን ነው። ሲንጋፖር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቷ የያዘችው መንገድ ይኸው ከዕቃ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ቁጥር የሚለው ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1995ም ሆነ በ2023 በተደረገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ውድድር መለኪያ፣ በአራተኛም ሆነ በስምንተኛ ክፍል፣ በአንደኝነት ተቀምጣለች። ምክንያቱ እንጨት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመምህራኑ ሥልጠናና የመጽሐፋቱ ጥራት አለበት። ቅደም ተከተሉ ግን ለማንም ቤት ይሠራል። በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ያለ እንጨቱ መሥራት ሲጀምር ደግሞ ሳጥኑ ይቀመጥ፤ ምርኩዝ ሆኖ እንዳይቀር።

ጥናቱ ምን ይላል?

ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ያደንቃል። ገለልተኛ ሚዛን የሚፈልግ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ኪራ ካርቦኖና ባልደረቦቿ ያወጡትን ጥናት ሊመለከት ይገባል። ከ7,000 በላይ ተማሪዎችን የሚመለከቱ 55 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝነው ያገኙት ውጤት፣ በሚዳሰሱ ዕቃዎች የተማሩ በቁጥርና በምልክት ብቻ ከተማሩት ይልቅ እንደሚሻሉ ያሳያል። ጥቅሙ ግን ተአምር ሳይሆን ከትንሽ እስከ መካከለኛ የሚባል ነው። ከሁሉም በላይ ለነጋዴና ለወላጅ የሚጠቅመው ነጥብ፣ ልጁን የሚመራ ሰው ሲኖር ጥቅሙ ከፍ ማለቱ ነው። አሜሪካዊቷ የትምህርት ምሁር ዲቦራ ቦልም እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጽሑፍ ሒሳቡ እንጨቱ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን አስጠንቅቀው ነበር። ትልቅ ሰው ሒሳቡን አስቀድሞ ስለሚያውቅ በእንጨቱ ላይ ያየዋል፤ ልጁ ግን የሚያየው ቀይ እንጨት ሊሆን ይችላል።

አንድ ሌላ ጥናት ደግሞ ለገበያ ሰው ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒኮል ማክኒልና ባልደረቦቿ ለተማሪዎች የገንዘብ ጥያቄ ሰጥተው፣ ከፊሎቹ እውነተኛ በሚመስል የወረቀት ብርና ሳንቲም እንዲሠሩ አደረጉ። እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ስህተት ሠሩ። ስህተታቸው አልፎ አልፎ የሚፈጠር የአሠራር ስህተት እንጂ የጥያቄው ሐሳብ ያልገባቸው ሆነው አልነበረም፤ ዕቃው ራሱ ትኩረታቸውን ስለወሰደው ነው። ስለዚህ ብዙ ጌጥ፣ ዓይንና አፍ የተሣለበት፣ የእንስሳ ቅርጽ ያለው የሒሳብ ዕቃ ለዓይን ቢያምርም ለትምህርት አይመረጥም። ሜዳማና ጌጥ የሌለው ይበልጣል። ለአምራችም ወጪው ያነሰ ነው።

የአናጺው ሒሳብ

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። የተለመደው ጀማሪ ሳጥን 74 እንጨት ይይዛል። ይኸውም 22 ነጭ፣ 12 ቀይ፣ 10 ፈዛዛ አረንጓዴ፣ 6 ወይን ጠጅ፣ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ካሉት ስድስት ቀለማት ደግሞ ከእያንዳንዱ 4 ነው። ርዝመታቸው ሁሉ ሲደመር 280 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ማለትም የአንድ ልጅ ሙሉ የሒሳብ ሳጥን የሚወጣው ከ2 ሜትር ከ80 ቀጭን እንጨት ነው።

መጋዝ ይበላልና እሱንም እናስላ። የመጋዙ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 74 ጊዜ ሲቆረጥ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ዱቄት ይሆናል። በቁመቱ ሲሰነጠቅም 1 ሳንቲ ሜትር ለማግኘት 1.3 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ስሌት አንድ ሳጥን 510 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ያህል እንጨት ይፈጃል፤ ከ1 ሜትር ኩብ እንጨት ከ1,900 በላይ ሳጥን ይወጣል ማለት ነው። በቋር፣ በመጣመምና በመሰንጠቅ ከአምስቱ አንዱ ቢጣል እንኳ ከ1,500 በላይ ይቀራል። መላጊያና ማለስለሻው ጥቂት ይቀንስበታል። ደግሞም የቤት ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ለዚህ አዲስ እንጨት መግዛት አያስፈልገውም፤ ከአልጋና ከቁም ሳጥን የተረፈው ቁርጥራጭ ብዙውን ይሸፍናል። ዋናው በደንብ የደረቀ መሆኑ ነው፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተቆረጠ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ወጪው የት ነው? በእጅ ሥራው ላይ ነው። 1,500 ሳጥን ማለት 111,000 ቁራጭ ማለት ነው። እያንዳንዱ ይቆረጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይቀባል፣ ይቆጠራል። የእንጨቱን ዋጋ ብቻ አይቶ የሚገባ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ማቃለያ መንገዶች አሉ። ነጩን ሳይቀቡ በተፈጥሮ መልኩ መተው ይቻላል፤ ከ74ቱ 22ቱ ቀለም አይፈልጉም ማለት ነው። ቀሪውን በብሩሽ አንድ በአንድ ከመቀባት በቀለም ውስጥ መንከር ይቀላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ልኩ ነው። አንድ ነጭ ኩብ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም፣ 10 ነጭ ሲደረደር 10.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከብርቱካናማው በግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ልጁ አሥር አንዶች ከአሥር እኩል አይደሉም ብሎ ይማራል። በዚህ ጊዜ ዕቃው የማይጠቅም ብቻ ሳይሆን የሚያሳስት ይሆናል። ቀለም ሲደራረብም ርዝመት ይጨምራል። ስለዚህ አናጺው በእርሳስ ምልክት እያደረገ ከሚቆርጥ መጋዙ ላይ ቋሚ ማቆሚያ አስሮ፣ አንድ ርዝመት ጨርሶ ወደ ሌላው ቢሄድ ይሻላል። ለገዢም ቀላል ፈተና አለ፤ ሱቅ ላይ ሳጥኑን አስከፍቶ 10 ነጭ ከአንድ ብርቱካናማ ጎን፣ 5 ቀይ ከሌላ ብርቱካናማ ጎን መደርደር። ካልተካከለ ሳጥኑ ይመለስ።

ቀለም፣ ደኅንነትና ስም

የልጅ ዕቃ ወደ አፍ ይገባል። እርሳስ የተባለው ማዕድን ያለበት ቀለም የልጅን አእምሮ እንደሚጎዳ፣ ጉዳት የማያደርስ መጠን አለው ተብሎም እንደማይታወቅ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በአገራችንም በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። ስለሆነም አምራቹ ቀለም ሲገዛ ርካሹን ሳይሆን እርሳስ የሌለበት መሆኑ የተረጋገጠውን ይምረጥ። ማስረጃውንም ያስቀምጥ፤ ትምህርት ቤት ሲገዛ ሊጠየቅ ይችላል። ባለ 1 ሳንቲ ሜትር ኩብ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመታነቅ አደጋ ስላለው ይህ በሳጥኑ ላይ በግልጽ በአማርኛ ሊጻፍ ይገባል።

ስምን በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ኩዊዝኔር" የሚለው ስም የንግድ ምልክት ነው፤ በአሜሪካ ባለመብቱ ኩባንያ የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ጭምር የራሴ ምልክት ነው ይላል። ርዝመታቸው ከ1 እስከ 10 የሆኑ እንጨቶችን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ስምና መልክ መሸጥ ግን ሌላ ነው። የራሱን ስም ያወጣ፣ አስቀድሞም የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን የጠየቀ አምራች በኋላ ከሚመጣ ጣጣ ይድናል።

አስመጪው ወይስ አምራቹ?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያን ቀን የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በውጭ 10 ዶላር የሚያወጣ ሳጥን ብንል፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይጨመር 570 ብር የነበረው ከ1,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህ ለአገር ውስጥ አናጺ የተከፈተ በር ነው። ነገር ግን የፋብሪካ ዕቃ አንድ ብልጫ አለው፤ ልኩ አይዛነፍም። የአገር ውስጥ አምራች በዋጋ አሸንፎ በልክ ከተሸነፈ ገዢው ሁለተኛ አይመለስም።

ሌላም ተወዳዳሪ አለ፤ ባዶ ካርቶን። ወላጅ ማስመሪያና መቀስ ይዞ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮችን ከ1 እስከ 10 ቆርጦ በልጆች ቀለም ቢቀባ ከላይ ከዘረዘርናቸው ልምምዶች አብዛኛውን መሥራት ይችላል። አቅም የሌለው ወላጅ ይህን ቢያደርግ ልጁ አንዳች አይጎድልበትም፤ ይህን መደበቅ ለአንባቢ አለመታመን ነው። ነጋዴም ከዚህ ሊማር የሚገባው አለ። ካርቶን በነፃ የሚሠራውን እንጨት የሚሸጥ ሰው፣ ገዢው ገንዘብ የሚከፍልበትን ነገር መጨመር አለበት። እሱም ልኩ የማይዛነፍ፣ ቀለሙ የማይጎዳ፣ ለዓመታት የሚቆይ ዕቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የተጻፈ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ካለው የሒሳብ ትምህርት ጋር የተያያዘ የአጠቃቀም መጽሐፍ ነው። ለመጽሐፉ የሒሳብ መምህር ቀጥሮ ማስጻፍ ከእንጨቱ ወጪ ሊበልጥ ይችላል፤ ሸቀጡን ሸቀጥ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

የዕቃው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በካናዳ ብዙ ትምህርት ቤቶች እነዚህን ሳጥኖች ገዝተው ነበር። ያልሠለጠነ መምህር ባለበት ክፍል ግን ሳጥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ጉድለቱ የእንጨቱ አልነበረም። ዛሬ በእኛ ገበያ ሊጀምር የሚያስብ ሰው ቢቻለው ከብዙ መቶ ሳጥን በፊት ሃያ ሳጥን ሠርቶ ለሃያ ቤተሰብ ይስጥ፤ ከወር በኋላ ሄዶ ስንቱ ሳጥን እንደተከፈተ ይይ። አሥራ አምስቱ ሥራ ላይ ከሆኑ ገበያ አለው። አሥራ አምስቱ አልጋ ሥር ከሆኑ የሚያስፈልገው ተጨማሪ እንጨት ሳይሆን የተሻለ መመሪያ ነው።

ወላጅ ለሆነው አንባቢያችን ደግሞ ምክራችን አጭር ነው። ሳጥን ከመግዛትዎ በፊት በቀን 20 ደቂቃ እንዳለዎት ይመርምሩ። ደቂቃዋ ካለች ካርቶንም ይበቃል፤ ከሌለች ግን የትኛውም ሳጥን አይተካትም።

ቸር ገበያ ይግጠመን።